መምህሩ ማነው?

ባለፈው እትም አንድ ወንድማችን «ኮሌጅ የሚመርጠው ገንዘብ ነው፤ ‹ልቤ ወደደው› የሚሉት የሀብታም ልጆች ብቻ ናቸው» ሲል የጻፈውን ሁለታችን አብረን አንብበን ተያየን። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን በእኛ ላይ ከደረሰው ጋር ስለማይገጥም ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ሙግት አይደለም፤ የሆነውን እንንገራችሁና ፍርዱን ለእናንተ እንተወው።

«እኛ» ስንል ለጽሑፍ ወግ ብለን አይደለም። መንታ ነን፤ አንዳችን ወንድ፣ አንዳችን ሴት። አንዱ ሲጽፍ ሌላው እየሰረዘ ነው እዚህ ያደረስነው። የተወለድነው አዲስ አበባ ሲሆን፣ በዘጠኝ ዓመታችን ለቤተሰባችን ዲቪ ደርሶ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባን። አባታችን ታክሲ ይነዳል። እናታችን በአረጋውያን መጦሪያ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። የብዙዎቻችሁ ታሪክ ስለሆነ አናስረዝመውም።

እ.ኤ.አ. በ2022 መኸር፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስንገባ፣ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር የተቆረጠ ነበር። ሁለታችንም ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እንገባለን። አባዬ ለዓመታት ሲያስበው የኖረው ነው። ለቤት ይቀርባል፣ የመንግሥት ነው፣ ስሙን የማያውቅ የለም፣ ከ40,000 በላይ ተማሪ አለው። «ይኼ ሁሉ ሰው ተሳስቶ አይሄድም» ይላል። ወንዱ ኢንጂነር፣ ሴቷ ሐኪም። እኛም እምቢ አላልንም፤ እምቢ የሚያሰኝ ነገር መኖሩንም አናውቅም ነበር።

ነገሩን ያመጣችው የትምህርት ቤታችን አማካሪ ናት። አንድ ቀን ጠርታን «ትናንሾቹን ኮሌጆች አይታችኋል ወይ?» አለችን። ሊበራል አርትስ የሚባሉትን ማለቷ ነው። ለማያውቅ አንባቢ፣ እነዚህ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሺህ እስከ ሁለት ሺህ ተኩል ተማሪ የሚይዙ ኮሌጆች ናቸው። ተማሪው ሙያ ከመያዙ በፊት ታሪኩንም፣ ሒሳቡንም፣ ሳይንሱንም፣ ሥነ ጽሑፉንም ቀላቅሎ ይማርና ዋና ትምህርቱን በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ግድም ይመርጣል። በአብዛኞቹ የዶክትሬት ተማሪ ስለሌለ ክፍል ገብቶ የሚያስተምረውም፣ ፈተና የሚያርመውም ራሱ ፕሮፌሰሩ ነው። ጥንታውያን አሉባቸው። ኦሃዮ ያለው ኦበርሊን የተቆረቆረው እ.ኤ.አ. በ1833 ሲሆን ጥቁሮችን ለመቀበል የወሰነው በ1835 ነው፤ ሴቶችን ከወንዶች እኩል ለዲግሪ የመዘገበው ደግሞ በ1837። ኬንታኪ ያለው ቤሪያ የትምህርት ክፍያ አያስከፍልም፤ በምትኩ ተማሪው ሁሉ ይሠራል። በ1904 የወጣ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይማር ሲከለክል ይኸው ኮሌጅ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ በ1908 ተረታ። ትንሽ ነው እንጂ ታሪክ የሌለው አይደለም ለማለት ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ቢሆን እንግዳ ነገር አይደለም። ዶክተር መላኩ በያን በ1920ዎቹ ወደ አሜሪካ መጥቶ ኦሃዮ ውስጥ ማስኪንገም በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ተምሯል፤ ሕክምናውን በሃዋርድ ያጠናው ከዚያ በኋላ ነው። የአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ ራሱ በ1950 እ.ኤ.አ. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት መቶ የማይሞሉ ተማሪዎች የነበሩትና ሉሲየን ማት የሚባሉ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ የሚመሩት ኮሌጅ ነበር። ይህን ሁሉ ያኔ እናውቅ ነበር እንዳትሉን። በኋላ አባዬን ለመርታት ስንል ያጠራቀምነው ማስረጃ ነው።

አባዬ በመጀመሪያው ቀን «ሊበራል አርትስ» ሲባል ሰማና፣ «አርት? ሥዕል ልትማሩ ነው?» አለ። እማዬ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

በዚያ ሰሞን ከየኮሌጁ የሚላከው ወረቀት የፖስታ ሣጥናችንን ሞላው። ሁሉም አንድ ነው። ቀይ ጡብ፣ የረገፈ ቅጠል፣ ዛፍ ሥር ክብ ሠርተው የተቀመጡ ተማሪዎች፣ ከመካከላቸው አንድ ጥቁር፣ አንድ እስያዊ። ከሥሩም እዚህ ቁጥር አይደለህም፣ ሁሉም በስምህ ይጠራሃል የሚል ዓይነት ቃል። እኛ ሁለት ሺህ ተማሪ ካለበት ሃይ ስኩል የመጣን ነንና ደስ አለን። አባዬ አንዱን አነሣ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ቀስ ብሎ አነበበና፣

«ሁሉም ስምህን የሚያውቅበት ቦታ ጥሩ ነው ያላችሁ ማነው?» አለ።

ይህ ንግግር ከየት እንደመጣ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብናል። አባታችን በ1983 ዓ.ም. የአራት ኪሎ ፍሬሽማን ነበር፤ ጂኦሎጂ ሊገባ። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪው ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ሲላክ እሱም ሄደ። ጠዋት ስም ጥሪ፣ ማታ ስም ጥሪ። ግንቦት ላይ መንግሥት ሲወድቅ ሠፈሩ ተበተነ፤ እሱም ከብዙ ጓደኞቹ ጋር በእግሩ ወደ ኬንያ ተሻገረ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሲመለስ አባቱን ሞተው አገኛቸው፤ ታናናሾቹን የሚያበላ ሰው አልነበረም። ትምህርቱ በዚያው ቀረ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ያደገው ማን ከማን ጋር እንደዋለ፣ ማን ስብሰባ እንደቀረ ቀበሌው አንድ በአንድ በሚያውቅበት ዘመን ነው። እንግዲህ ለእሱ ትልቅ ቦታ ማለት መሸሸጊያ ነው። «ከአርባ ሺህ ሰው መካከል ማን ያገኝሃል?» ይላል፤ የሚለው እንደ ምርቃት ነው።

እኛ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያረጀ ፍርሃት ነው ብለን አለፍነው።

መጀመሪያ ያየነው ቅርባችን ያለውን፣ አናፖሊስ ከተማ የሚገኘውን ሴንት ጆንስን ነው። እዚያ ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርቱ ልዩ ነው። ተማሪው ሁሉ ከጥንት ግሪኮች ተነሥቶ አንድ ዓይነት መጻሕፍት እያነበበ አራት ዓመት ይቆያል፤ ዋና ትምህርት ብሎ ነገር የለም፤ መምህሩ እንኳ ፕሮፌሰር አይባልም። ጠረጴዛ ከብቦ መከራከር ነው። ከእኛ ሴቷ እዚያው ልቅር አለች። ወንዱ በሁለተኛው ሳምንት እሞታለሁ አለ። አባዬ ወደ መኪናው ስንመለስ፣ «የቆሎ ተማሪ ቤት ነው በሉኛ! ይኼንማ የእናታችሁን አባት ጠይቋቸው፤ እሳቸው ያውቁበታል» ብሎ አፌዘብን።

ለፌዝ ያለውን እኛ ለቁም ነገር ወሰድነው። በሳምንቱ ቅዳሜ ደጀን ደወልን።

አባባ ሰማንያን ያለፉ ሰው ናቸው። በልጅነታቸው ከቤት ጠፍተው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግበው ቅኔ የተማሩ ናቸው። ስልኩን በጆሯቸው ላይ እማዬ በነገረቻቸው ዓይነት ገልብጠው ስለሚይዙት ከሩቅ ነው የሚሰሙት። ጮክ እያልን፣ ኮሌጅ ልንመርጥ መሆኑን፣ ትልቅም ትንሽም መኖሩን፣ አባዬ ትልቁን መፈለጉን አስረዳናቸው። ሲያዳምጡ ቆዩና፣

«መምህሩ ማነው?» አሉ።

«አባባ፣ ብዙ መምህራን ናቸው ያሉት» አልናቸው።

«ብዙ መምህር የሚባል ነገር የለም። የምትማሩት ከማን ነው?»

ዝም አልን። ስድስት ወር ሙሉ የኮሌጅ ስም፣ ደረጃ፣ ዋጋ፣ የመኝታ ክፍል ስፋት ሳይቀር ስንመረምር ከርመን ከአንድም ቦታ የአንድ መምህር ስም አልያዝንም ነበር።

እሳቸው ግን ወግ ጀምረዋል። በእሳቸው ዘመን ተማሪ ቅኔ ሊማር ሲነሣ «የት ልሂድ?» አይልም፤ «ከማን ዘንድ ልሂድ?» ነው የሚለው። ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ፣ ዋድላ አለ፤ የየቤቱ መንገድ የተለያየ ነው። እሳቸው መጀመሪያ የገቡት ከዋሸራው ወገን ነበር። መምህሩ ሊቅ ናቸው፤ ተማሪው ግን ከመብዛቱ የተነሣ አባባ የቆጠሩትን ቅኔ የሚነግሩበት ተራ አይደርሳቸውም። ሁለት ዓመት ጠብቀው አንድ ማለዳ አኩፋዳቸውን አንሥተው ወደ ጎንጅ ሄዱ። እዚያ ያገኟቸው መምህር ስማቸው ያን ያህል የገነነ አልነበረም። «ግን ስሳሳት የት ላይ እንደተሳሳትኩ ያውቁ ነበር» አሉን። «ሌላው ስሳሳት መሳሳቴን ብቻ ነበር የሚያውቀው።»

ካርዱ አለቀና ስልኩ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲህ የምንጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። ግቢ ስንጎበኝ፣ የመጀመሪያውን ዓመት የሚያስተምረው ማነው፣ አንድ ክፍል ገብተን መስማት እንችላለን ወይ እንላለን። አንድ ስሙ የተከበረ ኮሌጅ ውስጥ አስጎብኚዋ ልጅ ሰው ሠራሽ የተራራ መውጫ ግድግዳቸውንና በካፌው ያለውን የምግብ ዓይነት ግማሽ ሰዓት ስታሳየን ቆየች፤ ክፍል መግባት ግን «ለዛሬ አልተዘጋጀም» ተባልን። ግድግዳው ያማረ ነው፤ አንዋሽም።

በሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ከተቀበሉን ኮሌጆች መካከል ኦሃዮ ያለውን ለማየት ተነሣን። ሰባት ሰዓት መንገድ በአባዬ ታክሲ። ስሙን አንጽፈውም፤ በኋላ የምንለውም ስላለ ይቅር። ዝናብ ይጥላል። ግቢው አጥር የለውም፣ በር የለውም፤ ከተማው የት አብቅቶ ኮሌጁ የት እንደሚጀምር አይታወቅም። አባዬ መኪናውን አቁሞ፣ «በሩ የታለ?» አለ። ዩኒቨርሲቲ ሲባል ለእሱ መጀመሪያ በር ነው፤ ዘበኛ የቆመበት፣ መታወቂያ የሚታይበት። በር የሌለው ግቢ ቀሎበት እንደሆነ ወይም አስደንግጦት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባንም።

የተፈቀደልን የጂኦሎጂ ክፍል ነበር። አሥራ አንድ ተማሪ፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ድንጋይ። መምህሩ በዕድሜ የገፋ፣ ሹራቡ ክርኑ ላይ የተጣፈ ሰው ነው። አባዬ ዝናቡን ሸሽቶ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየው በእጁ ጠቅሶ አስገባውና ከኋላ አስቀመጠው። ከዚያም አንዱን ድንጋይ ሰጠንና እያየን እንድናስተላልፍ ነገረን። ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳ አጥንት መሳይ ነገር ታትሟል፤ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይሆነዋል። ከኦሃዮ ባሕር በጣም ሩቅ ነው። ታዲያ ይህ ምን ሊሠራ እዚህ መጣ? ተማሪዎቹ ይከራከራሉ። አንዷ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱም አሰበና «አላውቅም» አለ። ከዚያ ጥያቄዋን ሰሌዳ ላይ ጻፈው። እኛ አሥራ ሁለት ዓመት ስንማር «አላውቅም» ብሎ በሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር አይተን አናውቅም።

ቀጥሎ ወደ እኛ ዞሮ ከየት እንደመጣን ጠየቀ። «ሜሪላንድ» አልን። «ከዚያ በፊትስ?» «ኢትዮጵያ።» አሁን ቡና ሊል ነው ብለን ጠበቅን። ሉሲን ሊጠራ ነው ብለን ጠበቅን፤ ሁልጊዜ ከሁለቱ አንዱ ነው። እሱ ግን እጁን እንደ ገደል ቁልቁል አድርጎ ስለ አባይ ሸለቆ ማውራት ጀመረ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ወርዶ ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ዳር በዳይኖሰሮች ዘመን ከባሕር ሥር የተነጠፈ የኖራ ድንጋይ መኖሩን፣ አገራችንም አንድ ጊዜ ባሕር እንደነበረች ነገረን። ደጀን አለ! በሚገርም አጠራር ነው፤ ግን ደጀን ነው ያለው። ከኋላ የወንበር ድምፅ ሰማን። አባዬ ነው፤ ወደ ፊት ተጠግቷል።

በመልሱ መንገድ ብዙ ሰዓት አልተናገረም። ኦሃዮን ልንጨርስ ስንል፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል፣ «እኔ እኮ ጂኦሎጂ ሊደርሰኝ ነበር» አለ። ከዚያ ሬዲዮ ከፈተ።

እንግዲህ ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ወንድማችን የጻፈው እውነት እዚህ ላይ ነውና። በእነዚህ ኮሌጆች ላይ የተለጠፈው ዋጋ ያስደነግጣል፤ በብዙዎቹ ምግብና መኝታውን ጨምሮ ለአንድ ተማሪ በዓመት ከ80,000 ዶላር ይበልጣል። አባዬ ቁጥሩን ሲያይ በሁለት አባዛውና ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ግን የተለጠፈው ዋጋና የሚከፈለው ዋጋ አንድ አይደለም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እያንዳንዱ ኮሌጅ የቤተሰብን ገቢ አስገብተው በግምት ስንት እንደሚደርስባቸው የሚያዩበት ማስያ እንዲያወጣ በሕግ ይገደዳል፤ ይህን ሳታዩ ተወደደብን ብላችሁ የምትሸሹ ታናናሾቻችን ካላችሁ መጀመሪያ እሱን እዩ። የእርዳታ ደብዳቤ ሲመጣም ነፃው ስንት፣ ብድሩ ስንት፣ የሥራው ስንት ብላችሁ ለዩ፤ ሦስቱን ደምረው «እርዳታ» የሚሉ አሉ። ከእኛ አንደኛው ደብዳቤ ላይ «እርዳታ» የተባለው ግማሹ አባዬ የሚፈርመው ብድር ሆኖ ተገኘ። የኦሃዮው ግን አብዛኛው ነፃ ነበር። ወረቀቶቹን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን እማዬ በስልኳ ስትደምር ስሙ ያልተሰማው ኮሌጅ ከመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ረከሰ። ሦስት ጊዜ ደመረችው።

ስለዚህ ልባችን ነው የመረጠው ብለን ደረታችንን አንነፋም። ደብዳቤው ሌላ ቢሆን ኖሮ ያ የድንጋይ ክፍል ጥሩ ትዝታ ሆኖ ይቀር ነበር። ሌላም የምንናዘዘው አለ። ልቧ የወደደው የሴቷ ነው። ወንዱ ያን ቀን ክፍሉን ወደደው እንጂ ከተማው አስፈርቶት ነበር፤ የመጣው እሷ ስለመጣች ነው። (ይህን ዓረፍተ ነገር ወንዱ ሁለት ጊዜ ሰርዞት ሁለት ጊዜ ተመልሷል።)

የገባነው በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያው ነሐሴ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፣ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ደጀንም ስንደውል ስልኩ አይነሣም። የመምህሩን ስም ይዘን ለአባባ ልንነግራቸው ነበር። ወራት አለፉ።

ትንሽ ኮሌጅ ምን እንደሆነ ያየነው ክረምቱ ሲገባ ነው። ሴቷ በኅዳር ጉንፋን ይዟት ሁለት ቀን ስትቀር በሁለተኛው ቀን ማታ ያ መምህር ራሱ ደውሎ እንዴት ነሽ አላት፤ የካፌዋም ሴትዮ ሾርባ በኩባያ ላከችላት። አለቀሰች፤ በደስታ። በየካቲት ደግሞ ወንዱ የኬሚስትሪ ፈተና ወደቀ። በማግስቱ አማካሪ መምህሩ ያውቃል፣ የዶርሙ ኃላፊ ያውቃል፣ ሾርባ የላከችው ሴትዮ እንኳ «አይዞህ» አለችው። ሁሉም በቀና ልብ ነው። ግን መንገድ ላይ ራሱን ቀና አድርጎ መሄድ አቃተው። በመላው ግቢ ከእኛ ሌላ ሐበሻ የለም፤ ሲሄድም ይታወቃል፣ ሲቀርም ይታወቃል። አንድ ሌሊት ለአባዬ ደውሎ «አንተ ያልከው ነው፤ መደበቂያ የለም። ኮሌጅ ፓርክ ልዛወር» አለው።

የአባዬን መልስ ሁለታችንም ስልኩን መካከላችን አድርገን ሰምተናል። «ነግሬህ አልነበር?» ይላል ብለን ጠብቀን ነበር። እሱ ግን፣ «ብላቴ ስም የሚጠሩን የቀረውን ለመያዝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ስትቀር የሚጠሩህ ለምንድነው?» አለ። ወንዱ መልስ አልነበረውም። «እወቅና ደውልልኝ። ከዚያ ና ካልከኝ ታክሲዬን ይዤ እመጣለሁ።»

ሴቷ ደግሞ በዚያ ሰሞን ክፉ ነበረች። «ሂድ፤ እኔ አልከተልህም» ነው ያለችው። መንታ ሆነን ስንኖር ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ቀን ሳንነጋገር ቆየን፤ በዚያ ትንሽ ግቢ ውስጥ ላለመገናኘት ምን ያህል ዙሪያ እንደሚኬድ የሞከረው ያውቃል።

ወንዱ አልሄደም። ምክንያቱ ያማረ አይደለም። የዝውውር ማመልከቻው ቀን አልፎ ነበር፤ የወሰዳቸው ትምህርቶችም ግማሾቹ ላይቆጠሩለት ይችሉ ነበር። ኬሚስትሪውን በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ አለፈው። አሁን የሚማረው ሒሳብ ነው። ወደደው ወይ ብትሉት፣ «ለመድኩት» ይላል፤ ሴቷ ይኼንን ቃል አትወደውም።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ ሌላ ወሬ መጣ። ኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት ውስጥ በ1868 እ.ኤ.አ. የተቆረቆረው ዌልስ ኮሌጅ የትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ለተማሪዎቹ የቀራቸው የሳምንታት ጊዜ ነበር። አላባማ ያለው በርሚንግሃም ሳዘርንም በግንቦት ተዘጋ። ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፤ ተማሪ ይቀንሳል፣ ወጪ ይጨምራል፣ ተቀማጩ ያልቃል። አባዬ ሰምቶ ደወለ። «የእናንተው እስክትጨርሱ ይቆማል?» አለ። ስንመርጥ ይህን አለመጠየቃችን አሳፈረን። ሴቷ የኮሌጁን የሒሳብ መግለጫ ከቤተ መጻሕፍት አውጥታ፣ ያልገባትን የኢኮኖሚክስ መምህር ጠይቃ፣ ማታ ለአባዬ ቁጥሩን አነበበችለት። ይቆማል። አንድ ትንሽ ኮሌጅ ለመምረጥ የተነሣ ሁሉ ተቀማጩን ከዛፉ በፊት ይይ፤ ዛፉ ሁሉም ጋ አለ።

አባዬ እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሲጠይቁት «ኦሃዮ ናቸው» ይላል። «ኦሃዮ ስቴት?» ሲሉት መልስ አይሰጥም፤ አንገቱን ብቻ ትንሽ ያነቃንቃል። እማዬ በክርኗ ጎሰም ታደርገዋለች። ስለ ድንጋይ የሚያወራ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ግን ሴቷ ለገና ይዛለት ሄዳ ታክሲው ውስጥ፣ ከመንገደኛው ወንበር ሥር፣ አስቀምጦታል። ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ እንደሚያነብ የነገረን እሱ አይደለም፤ ሌላ ባለታክሲ ነው።

የአባባን ድምፅ የሰማነው ሁለተኛ ዓመት ከገባን በኋላ ነው። ደህና ናቸው። ትንሽ ከስተዋል አሉ። ሰላምታው ሳያልቅ፣ ትናንት እንደተለያየን ሁሉ፣ «መምህሩ ማነው?» አሉን።

ስሙን ነገርናቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙንና መጥራቱ ስላልሆነላቸው ተዉት።

«ምን ያስተምራል?»

«ድንጋይ» አለች ሴቷ።

«ምን?»

«ድንጋይ ነው፣ አባባ። ስለ አባይም ያውቃል። የእርስዎ አገር፣ ከደጀን ቁልቁል ያለው ገደል፣ ድሮ ባሕር ነበር ይላል። ድንጋዩ ውስጥ የባሕር እንስሳ አለ።»

ቆዩ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለን።

«ይኼማ የኖኅ ውሃ ነው» አሉ። «በልጅነታችን ከብት ስንጠብቅ የምንጫወተው በእሱ ድንጋይ አይደለም? ይኼን ለመስማት ነው ኦሃዮ ድረስ የሄዳችሁት?»